ዳዊቱን ዘግቼ

ይድረስ ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ዓለምጸሐይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ሻል አለዎት ወይ? እኛ እዚህ በሰው አገር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ደኅና ነን፤ መድኃኔዓለም ይመስገን።

ሥራዬ ከቤት ከሆነ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ለደንበኞች ስሞታ መልስ ስጽፍ እውላለሁ። አንገቴ ደርቋል፤ ትከሻዬ ዝሏል። ልጄ ኤደን፣ «ዳድ፣ አፍንጫህ ስክሪኑን ሊነካው ነው» እያለች ትስቅብኛለች። «ኮምፒውተር ዓይን ያደክማል» እላታለሁ። ሐኪሙም መጀመሪያ እንደዚያው ብሎ ጠብታ ሰጥቶኝ ነበር። ሁለተኛ ስሄድ ግን ስለ አባባ አጥብቆ ጠየቀኝና ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮ ቡክ አደረገልኝ። ሺፍት አለብኝ እያልኩ ሁለቴ አራዘምኩት። እንዲያው ደከመኝ፣ እትዬ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ድገም ተባልኩ። መጽሐፉን ገልጬ ጥቂት ቆየሁና መልሼ ዘጋሁት፤ በቃሌ ደገምኩት። ሲያልቅ ቄሱ «እንዴት ያለ ጸጋ ነው!» ብለው መረቁኝ። እኛስ ልጆች ሳለን አባባን እንዲሁ እናደንቅ አልነበር? ኋላ እጃቸውን ይዘን መምራት እስክንጀምር ድረስ።

እርስዎ ታላቅ ነዎትና ያስታውሱ ይሆናል፤ አባባ ዳዊታቸውን ዘግተው በቃላቸው መድገም ሲጀምሩ ስንት ዓመታቸው ነበር? እኔ በጥቅምት አርባ ስምንት ሞላኝ።

ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ። አምላክ በጤና ያገናኘን። መልሱን ግን አይጻፉልኝ፣ እትዬ፤ በስልክዎ በድምፅ ቀድተው ይላኩልኝ።

ወንድምዎ እንድርያስ