ፍቺው ሽንኩርቱ እስኪደርስ

ሰኞ

አልጋዬ ላይ የውኃ ፓምፕ ተኝቶ አገኘሁ። ዘይቱ አንሶላው ላይ ፈሷል። ባሌን ቶማስን ብጠይቀው ወለሉ እርጥብ ስለሆነ ነው አለኝ።

በቃኝ። ባሌ ከህንድ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መጥቶ፣ ውሉ ሲያልቅ እኔን አግብቶ የቀረ ሰው ነው። የሞተር ነገር ያውቃል። ስለዚህ የሐብሩ ወረዳ ገበሬ የተበላሸ ፓምፑን ሁሉ እዚህ ወልድያ እኛ ቤት ያወርዳል። መጀመሪያ ግቢው ሞላ፣ ከዚያ ሳሎኑ፣ አሁን አልጋዬ።

እንፋታ አልኩት። አጎንብሶ መፍቻ እየፈለገ "እሺ" አለ። እሺ ብቻ! ቢያንስ ቀና ቢል ምን ነበረበት?

ማክሰኞ

ጠበቃዋ ጓደኛዬ ሰናይት ዘንድ ሄድኩ። ቶማስ አገር ውስጥ የሚኖረው በእኔ ባልነት ነው አለችኝ። ጋብቻው ከፈረሰ የመኖሪያ ፈቃዱ መሠረት ያጣል። የሥራ ፈቃድ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካላገኘ መውጣቱ ነው።

እኔ ከቤቴ ይውጣ እንጂ ከኢትዮጵያ ይውጣ መቼ አልኩ?

ቤት ገብቼ ስጠይቀው ለካ ያውቃል። ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"ብነግርሽ ለወረቀት የምለምንሽ ይመስልሻል" አለኝ።

ስንጋባ ሰፈሩ ለፈቃድ ነው ያገባት እያለ ሲያማኝ ከርሟል። እኔም አንዳንዴ፣ እውነት ለመናገር፣ እጠረጥር ነበር።

ረቡዕ

ወሬው ገበሬዎቹ አገር፣ መርሳ ደርሷል። የመለዋወጫ ሱቄ በር ላይ ሚኒባስ ቆመና ገበሬዎች ወረዱ። ከፊት የመስኖ ማኅበራቸው ሰብሳቢ አባ ሙሄ፣ ከኋላ አንድ ጆንያ ብርቱካን። ሊያስታርቁኝ መጡ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ስለ ትዳር ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም።

"ልጄ፣ ፍቺውን አንከለክልሽም" አሉኝ አባ ሙሄ። "ሽንኩርቱ እስኪደርስ ብቻ ታገሽን። አሁን እሱ ከሄደ ፓምፑን ማን ይሠራልናል?"

ተናደድኩ። የአንሶላዬን ጉድ ነገርኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ፓምፑ የእኔ ነው፣ አንሶላውን እተካለሁ አለ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ታዲያ ይህን ያህል ከፈለጋችሁት ማኅበሩ ለምን አይቀጥረውም አልኳቸው። አባ ሙሄ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ።

"ወላሂ፣ እሱስ አልታየንም ነበር" አሉ።

ሐሙስ

ማኅበሩ ሊቀጥረው ተስማማ። መርሳ ያለውን ባዶ መጋዘን ለሥራ፣ ጎኑ ያለችውን ክፍል ለመኖሪያ ሰጡት። ሰናይት የሥራ ፈቃዱን ትጠይቅለታለች። ላይፈቀድም ይችላል ብላለች። መልሱ እስኪታወቅ የፍቺውን ማመልከቻ አላስገባም።

ፓምፖቹን በአይሱዙ ጫኗቸው። ድል! ሶፋዬ አረንጓዴ መሆኑን ረስቼው ነበር። እሱም ሻንጣውን ይዞ አብሮ ተሳፈረ። ገበሬዎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

ማታ ቤቱ ሰፋብኝ። የሚያናድደኝ ሰው አጣሁ።

ከወር በኋላ፣ ቅዳሜ

ሽንኩርቱ ደረሰ። የሥራ ፈቃዱም ተገኘ። አባ ሙሄ ደውለው ከእንግዲህ እንደፈለግሽ አድርጊ፣ አንቺን አናስቸግርም አሉኝ። ምነው ትንሽ ቢያስቸግሩኝ?

ከሰዓት በኋላ ቶማስ ከመርሳ መጣ። ጸጉሩን ተስተካክሏል። በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

"አሁን ለወረቀት አላስፈልገኝም" አለ። አንቺ አታስፈልጊኝም ማለቱ ነው፣ አማርኛው ሲጨንቀው እንዲህ ይገለበጣል። "ስለዚህ ዛሬ ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ።"

ፍቺውስ አልኩት። አንቺ እንዳልሽ፣ ብቻ ራት ልሥራልሽ አለ።

አሁን ሰናይት ደውላ ማመልከቻውን ሰኞ ላስገባ ወይ አለችኝ። ትንሽ ቆዪ አልኳት። ለምን ስትለኝ ግን መናገር አልቻልኩም፤ እሱ ወጥ ቤት ሆኖ በርበሬውን አብዝቶት እያስነጠሰኝ ነበር።