በካርቶን የሄደው ቀይ ካርድ

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ
ከቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? እዚያ ሰው አገር የምታሳድጊያቸው ልጆች አሁንም አንቺ ትከሻ ላይ ካልተኛን እያሉ ያስቸግሩሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፣ የምሬን ነው።

ይህን ወረቀት የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የነርሷ እህት ናት። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ የምትደውዪው ሁልጊዜ ከመታጠቢያ ቤት ነው፣ አሠሪዎችሽ እንዳይሰሙሽ ቧንቧውን ከፍተሽ፣ በግማሽ ድምፅ፤ ግማሹን እኔ አልሰማሽም፣ ግማሹን አንቺ አትሰሚኝም። ደግሞ ስታለቅሺ እሸነፋለሁ። እሁድ ዕለት "በጠባሽው ጡት ይዤሻለሁ፣ ይቅርታ ጠይቂ" ስትዪኝ መልሴን ሳትጠብቂ እሺ እንዳልኩ ቆጥረሽ ዘጋሽው። እሺ አላልኩም ነበር። ዛሬ እንግዲህ ሳታቋርጪኝ ስሚኝ።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። አልጠይቅምም።

እትዬ ደውለው ልጅሽ የፋብሪካውን ንብረት ሰርቃ ሥራ አስቆመች ብለውሻል። ንብረቱ ምን እንደሆነ ግን የነገሩሽ አይመስለኝም፣ አፍረው ይሆናል። አለቃዬ ብቻ ሳይሆኑ የአንቺም ጓደኛ ናቸውና ደፍረው አይነግሩሽም። እኔ ልንገርሽ፤ ንብረቱ የሽንት ቤት ካርድ ነው።

አንቺ እዚያ አዳራሽ ገብተሽ አታውቂም። ረጅም ክፍል ነው፣ መስኮት የለውም፤ ሁላችንም ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ፀጉራችንን በቆብ ሸፍነን እንቆማለን። እንክብሉ በማሽን እየተቆጠረ ጠርሙስ ውስጥ ይወርዳል፣ አንዷ ክዳኑን ታጠብቃለች፣ ሌላዋ ጠርሙሱን ሳጥን ውስጥ ትከታለች፣ እኔ ደግሞ የመመሪያውን ወረቀት አጥፌ አስገባና ሳጥኑን እዘጋለሁ። የምናሽገው ለሆድ ጤና የሚሸጠውን፣ ጥሩ ባክቴሪያ ያለበትን እንክብል ነው፤ ፕሮባዮቲክ ይሉታል። ሳጥኑ ላይ አንዲት ቆንጆ ሴት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። እኛም ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንውለው፣ ሳቁ ብቻ ነው የቀረብን።

ለአዳራሹ በሙሉ ያለው አንድ ካርድ ነው። ቀይ ፕላስቲክ፣ ከእትዬ ጠረጴዛ አጠገብ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠል። ካርዱ ካለ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ከሌለ፣ የወሰደችው እስክትመለስ ሆድ ይፍጀው ነው። ውሃ አዳራሹ ውስጥ ክልክል ነው፤ ለንጽሕና ነውና እሱስ ልክ ነው። ወጥቶ ለመጠጣትም ግን ያው ካርዱ ያስፈልጋል። ታዲያ ምን አደረግን? መጠጣቱን ተውነው። ያልጠጣ ሰው አይሄድማ። ምሳም ቢሆን ማሽኑ ስለማይቆም በየተራ እየሮጥን ነበር የምንውጠው። አጠገቤ ክዳን የምታጠብቀው ሴትዮ፣ "ክዳኔ" ነው የምንላት፣ "እኔ የምሳዬን ጣዕም የማውቀው ማታ ሲያገሳኝ ነው" ትል ነበር።

በዚህ ኑሮ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ። ሽንት ቤት ስገባ ደግሞ አምጬ አምጬ በከንቱ እመለሳለሁ። የተጨማደደ ሳጥን ለሠራተኛ ስለሚሰጥ ያንኑ የማሽገውን እንክብል መዋጥ ጀመርኩ። ባሰኝ አልልሽም፣ ተሻለኝም አልልሽም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሟ በሰል ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሆዴን ስትጫን ቆየችና ብዙውን ጊዜ መቼ እንደሚመጣብኝ ጠየቀችኝ። ካርዱ ሲገኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ነገሩን አስረዳኋት። ስለ እንክብሉም ጠየቅኳት። መጥፎ አይደለም አለች፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ለአንዳንድ ሕመም ይረዳል፣ ለሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር ግን አይሆንም፣ ሐኪም አማክሮ መውሰድ ይሻላል። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"እንክብሉ የውሃን ሥራ አይሠራልሽም። ሆድሽ ሲጠራሽ ሂጂ። እየደጋገምሽ ቆይ ካልሽው መጥራቱን ይተዋል።"

በማግስቱ ሥራ ገብቼ ያን ዘወትር የማጥፈውን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ቀስ ብለው ያኝኩ ይላል። ውሃ በበቂ ይጠጡ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ያዘውትሩ፣ ከምግብ በኋላ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ፣ ሲመጣብዎ አይያዙት። ሳቄ መጣ። ከዚያ ደሜ ፈላ።

የዚያኑ ቀን ካርዱን ልወስድ ሄድኩ፤ ወጥቷል። ቆይቼ ደግሜ ሄድኩ፤ አሁንም ወጥቷል። ቆይቼ ስሄድ ተመልሶ ሚስማሩ ላይ ነበር፤ እትዬ ግን ትዕዛዝ ተጣድፏል፣ ትንሽ ቻይው አሉኝ። አልቻልኩትማ። ካርዱን ከእጃቸው ሥር አውርጄ ሄድኩ። ስመለስ ወደ ሚስማሩ አልመለስኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ትንሽ አየሁት፣ ከዚያ ከመመሪያው ጋር ሳጥን ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት። ሳጥኑ ካርቶን ውስጥ ገባ፣ ካርቶኑ ታሸገ፣ መኪና ላይ ተጫነ። ሰረቀች የተባልኩት ይህን ነው። ይኸኔ አንድ ቦታ አንድ ሆዱን ያመመው ሰው ሳጥኑን ሲከፍት እንክብልና ቀይ ካርድ አግኝቶ፣ ምን አጠፋሁ እያለ ይሆናል።

ካርዱ ሲጠፋ የሆነውን ብታዪ። እትዬ መሳቢያቸውን ገለበጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጣ፣ ማሽኑን አስቆመና ሳጥን ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን ብሎ ያልተጫኑትን ካርቶኖች አስከፈተ። ሥራውን ያስቆመው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። በዚያ ግርግር መሀል ክዳኔ ዝም ብላ ተነሥታ ሄደች፣ ተመለሰች። ሌላዋ ሄደች። የሚወሰድ ካርድ ስለሌለ የሚከለክል ሰው ጠፋ። ማሽኑ ከተነሣም በኋላ እስከ መውጫችን እንደ ሰው ሄድን፣ እንደ ሰው ጠጣን፣ ሥራውም አንድ ጊዜ እንኳ አልተስተጓጎለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ማን ነው የወሰደው ተብሎ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። በኋላ አዲስ ካርድ መጣ፤ ዳግመኛ ሳጥን እንዳይገባ ጡብ የሚያክል እንጨት ላይ በሰንሰለት አስረውታል።

ቅጣቴም ተነገረኝ። ሁሉም ፊት ቆሜ ይቅርታ ብጠይቅ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፣ ባልጠይቅ እሰናበታለሁ። አንቺም ይህን ሰምተሽ ደወልሽ።

ውላችንን አልረሳሁትም፣ እማዬ። እኔ ሥራ ይዤ ቤቱን ከቻልኩ አንቺ በሚመጣው ዓመት ጠቅልለሽ ትገቢያለሽ ተባብለናል። ዛሬ ጠዋት መንገዱን በሙሉ እሱን ሳስብ ነው የሄድኩት፤ አንዲት ቃል ብናገር እናቴ ትመጣለች፣ ባልናገር ትቀራለች እያልኩ። አንዴማ ቃሏን ለራሴ ተለማምጃት ነበር። ሆደ ሰፊ ሁኚ አልሽኝ፣ እኔ ስንቱን ችዬ ነው አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ ችለሻል። ግን የቻልሽውን ሁሉ ማን አመሰገነሽ? ባስለመድሻቸው ቁጥር የሚጨምሩልሽ ሌላ የሚቻል ነገር አይደል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለሽ ነው ትዪኝ ይሆናል። በይኝ። እኔ የማፍርበት ነገር አላየሁም።

አዳራሹ ፊት ቆምኩ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል፣ እትዬ ጫማቸውን ያያሉ።

"ሥራችሁ ስለተስተጓጎለ አዝናለሁ" አልኩ፤ "ስለ ካርዱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው አይለመንም።"

ማንም አላጨበጨበልኝም፤ ሁሉም ልጅ ያለው ሰው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ክዳኔ ብቻ ከኋላ ሆና ቀስ ብላ እውነቷን ነው አለች። ሥራ አስኪያጁ ጋውንሽን መልሺ አለኝ። አጥፌ መለስኩለት።

እትዬ እስከ በር ሸኙኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ግራ ቀኙን አይተው ያቺ ሐኪም ከሥራ ሰዓት በኋላ ትገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለካ ካርዱን የሚጠብቁት እሳቸውም ጠረጴዛውን ጥለው መነሣት አይፈቀድላቸውም ኖሯል። ምን ያህል ዘመን እዚያ እንደተቀመጡ አንቺ ታውቂያለሽ። የሐኪሟን አድራሻ ነገርኳቸው። እባክሽ እንዳትቀየሚያቸው፣ ያሉሽን ሁሉ ያሉሽ ለእኔ ፈርተው ነው።

አሁንስ ምን ልትሆኚ ነው ካልሽኝ፣ ስመለስ ጥግ ያለው ልብስ እጥበት ቤት ገብቼ ሥራ ጠየቅኩ። ባለቤቲቱ ሰኞ መጥተሽ ልይሽ ብላኛለች። ደሞዙ ከፋብሪካው ያንሳል፣ አልዋሽሽም። መጀመሪያ የጠየቅኳት ግን ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነው። ሳቀችብኝና አሳየችኝ።

ሆዴም እየተመለሰልኝ ነው። ጠዋት እንደተነሣሁ ውሃ እጠጣለሁ፣ ቁርሴን ቁጭ ብዬ፣ አኝኬ እበላለሁ፤ ከዚያ ለሆዴ ጊዜውን እሰጠዋለሁ፤ በሩ ቢንኳኳም ባይንኳኳም ንቅንቅ የለም። እርጎና ምስር አበዛለሁ፣ እስከ ገበያው በእግሬ እሄዳለሁ። በአንድ ቀን የተሻለኝ ነገር የለም፣ ቀስ በቀስ ነው። ያቺ ቀሚስ ግን ተዘግታለች።

ሌላ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ለአንዲት የማውቃት ሴት ብለሽ የትኛው እንክብል እንደሚሻል ጠይቀሽኝ ነበር። ሰው ቤት የምትሠራ፣ ቆማ የምትበላ፣ ሰዎቹን ላለማስቀየም ቀኑን ሙሉ ይዛ የምትውል፣ አሁን አሁን ደም የምታይ ሴት ናት አልሽኝ። ያን ቀን ቸኩዬ የእንክብሉን ስም ብቻ ነገርኩሽ። አሁን ስሙን እርሺውና ይህን ንገሪያት። ሐኪሟን ጠይቄላታለሁ። ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፣ ከባድም ሊሆን ይችላል፣ ሳይታይ አይታወቅም፤ ደም በእንክብል አይታለፍም፣ ሳትውል ሳታድር ትመርመር ነው ያለችው።

ሴትየዋ አሠሪዎቿን ማስፈቀድ ትፈራ ይሆናል። አታስፈቅዳቸው፣ ታሳውቃቸው። ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ትበላቸው፣ አለቀ። ፊታቸውን ካጠቆሩባት ልብሷን ሰብስባ ትምጣ። ልጅ ትኑራት አትኑራት አልነገርሽኝም። ካለቻት ግን ልጅቷ ለደሞዙ እንደማትጨነቅ ንገሪልኝ። በትንሹም ይኖራል፤ አንዱን አልጋ ለሁለት ይተኙበታል፣ ያለውን አብረው ይበላሉ። ልጅቷ ያለ ሥራ መዋል ትችላለች። ያለ እናት መዋል ግን አትችልም፤ ይኼንን ቻይው የሚላት ሰው ቢመጣም አትሰማውም።

የበላሽው ይስማማሽ፣ የጠጣሽው ይርጋልሽ፣ የተቀመጥሽበት ይመችሽ። ፈጣሪ መንገዱን ያሳጥርልን።

እልኸኛዋ ልጅሽ

ለዚያች ሴት አንድ ነገር ጨምሪልኝ። ይህ ወረቀት በደረሰ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ካልሄደች፣ ለቤቱ እመቤት የምደውለው እኔ ራሴ ነኝ። ቁጥራቸው አለኝ።