ባንኩ የማረን ሐሙስ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሥራው፣ ብርዱ፣ አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ፣ ሊፍቱ በየሳምንቱ የሚበላሸው ሕንፃችሁ፣ ሁሉም እንደምን ናቸው? እኛ በጠቅላላው ደህና ነን። የአባዬ ሳል ቀለል ብሎለታል። እማዬ አሁንም ስልክ በጠራ ቁጥር አንቺ እየመሰልሻት እጇን ሳታደርቅ ትሮጣለች፤ ሌላ ሰው ሲሆንባት ደግሞ የደወለውን ሰው ትቆጣዋለች። እኔም ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደህና ነው ብለሽ እንዳትሸነግይኝ! ጓደኛሽ በስልክ አምልጧት ሁሉንም ነግራናለች። ቀኑን ሙሉ በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እርጥብ አንሶላ ስትሸከሚ ውለሽ ማታ ጉልበትሽ እንደሚያብጥ፣ ሐኪሙም ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላደረግሽ እንደ ልብሽ መራመድ ልታቆሚ ትችያለሽ እንዳለሽ ሰምተናል። አንቺ ግን መጀመሪያ የባንኩን ዕዳ ልጨርስ እያልሽ ቀጠሮውን ስትገፊው ከረምሽ። እማዬ ይህን ካወቀች ወዲህ ገንዘብሽ በደረሰ ቁጥር ደስታ የላትም። ከልጄ ጉልበት ተቆርጦ የመጣ ነው እያለች ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ይህን ያነሣሁት ላሳዝንሽ አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍልሽ ወሬ በቀጥታ ጉልበትሽን የሚመለከት ስለሆነ ነው። እንግዲህ ተቀምጠሽ አንብቢው። አይዞሽ፣ ክፉ ወሬ አይደለም።

ማክሰኞ ዕለት የመስኮት ክፈፍ እየላግሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። ከባንኩ ነው የምደውለው አለኝ አንድ ሰውዬ። ሐሙስ ጠዋት ሰዎቻችን መጥተው የመላጊያ ማሽኑን ያያሉ፣ ሰው ከሱቁ እንዳይጠፋ አለና ዘጋው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። እኔ ግን የያዝኩትን ክፈፍ ጣልኩት። ያ እሳት የሱቆቹን ረድፍ በላ ጊዜ የጎረቤታችን የበያጁ አበዳሪዎችስ ምን ነበር ያሉት? መጥተን ማሽኑን እንይ ብለው አልነበር? በማግስቱ ጭነውት ሄዱ። የእኛም ጣውላ በዚያው እሳት ዓመድ ሆኖ ማሽኑ ብቻ ተርፎ፣ የተገዛበት ብድር ግን እንዳለ ትከሻችን ላይ ቀረ። አንቺም በዚሁ ምክንያት ነው ከቤት የወጣሽው። ታዲያ እንዴት አልደንግጥ?

ለእማዬ ስነግራት መጥረጊያዋን ጣለች። ትንሽ አሰበችና፣ ማሽኑ ይፈታ አለች። እትዬ ሙች፣ የድስት እጀታ ሲላላ እንኳ እኔን የምትጠራ ሴት፣ የጦር አዛዥ ሆና ቁጭ አለች! ሞተሩ ወደ ፀጉር ቤት፣ ጠረጴዛው ወደ ልብስ ሰፊዋ፣ ስለቱና ከሞተሩ የሚያገናኘው ቺንጋ ወደ ጫማ ሠሪው እያለች አከፋፈለችው። ጎረቤቶቻችንም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተቀበሉ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ያ ወሬ ስለማያልቅበት ሬዲዮ ያልነው ጎረቤታችን፣ ሞተሩን በፎጣ ጠቅልሎ ደንበኞቹ ከሚቀመጡበት ወንበር ሥር ወሸቀው። ልብስ ሰፊዋ የብረቱን ጠረጴዛ ብርድ ልብስ አልብሳ ልብስ መተኮሻ አደረገችው። አባዬ ብቻ ከዱካ ወንበሩ ሳይነሣ፣ ሰዎቹ አምነው የሰጡንን መደበቅ ነውር ነው አለ። ማን ይስማው? እኔም ብሎን መፍቻውን ይዤ ከማሽኑ ሥር ገብቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ። አንዷ ጠና ያለች፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች ሴትዮ ናት፤ ሌላው ሰጋቱራው ገና ከበር ያስነጠሰው መነጽራም ባልደረባዋ ነው። ሴትየዋ ሰላምታዋን ሰጥታ ዞር ዞር አለችና ማሽኑ የት አለ ብላ ጠየቀች። ለካስ ማሽኑ የነበረበትን ወለል መጥረግ ረስተናል! ዙሪያው በሰጋቱራ ተሸፍኖ መካከሉ ልክ እንደ ማሽኑ ቅርጽ ንጹሕ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የዓለም ጅል ሁሉ ተሰብስቦ ቢመክር እንዲህ አያምርለትም።

ይሄኔ ሬዲዮ፣ ማንም ሳይጠራው በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ያ ማሽን እኮ ዱሮ ተሽጧል፣ ቁራጭ ብረት ሆኖ ነው የሄደው፣ እኔው ራሴ ነኝ ያሸጥኩት አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ሴትየዋ ወለሉን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ፊቷ ቅዝዝ አለና እስክርቢቶዋን አወጣች። እማዬ በዓይኗ በርታ በርታ ትለዋለች።

አባዬ ተነሣ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ብታዪው ኖሮ! ኮፍያውን አውልቆ፣ ሰጋቱራውን ከሸሚዙ ላይ አራገፈና ሴትየዋ ፊት ቆመ። እመቤቴ፣ ማሽኑ አለ፣ እኛ ነን ፈርተን የደበቅነው አላት። የተበደርኩት እኔ ነኝ፣ ያልጨረስኩትም እኔ ነኝ፤ መውሰድ ካለባችሁ ውሰዱት፣ እኔ በእጄም ልጌ እበላለሁ፣ ብቻ ውሸታም ነው ብላችሁ እንዳትጽፉኝ አላት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር፤ ከኀፍረቴ ጋር ግን ደረቴ በኩራት ተነፋ። ያንን ማሽን አባዬ ከዓይኑ ብሌን አሳንሶ እንደማያየው አንቺ ታውቂያለሽ። እንደሚያጣው እያወቀ ነው እውነቱን የተናገረው።

ሴትየዋ እስክርቢቶዋን መልሳ ከተተች። ከዚያም የመጣችው ልትወስድ እንዳልሆነ ነገረችን። ባንኩ በዚያ እሳት የተጎዱትን፣ ግን ሥራቸውን ሳይተዉ የቀጠሉትን ሰዎች የቆየ ብድር ለመሰረዝ ወስኗል። እሷ የመጣችው ሱቁ እየሠራ መሆኑን በዓይኗ ለማየት ብቻ ነው። ማሽኑ ተሽጧል ብላ ጽፋ ብትሄድ ኖሮ ውሳኔው እኛን ሳይነካ ያልፍ ነበር። ሬዲዮ ይህን ሲሰማ ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ ወደ ፀጉር ቤቱ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትርምስ ምን ብዬ ልንገርሽ! መንደሩ ሁሉ ብረት ተሸክሞ መጣ። ሬዲዮ ግማሽ ፊቱ የተላጨ ደንበኛውን ከወንበሩ አስነሥቶ ሞተሩን አወጣ፤ ሰውየውም አረፋውን እንደተቀባ አብሮ ተሸክሞ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ የሰው ሱሪ ረስታ እየተሯሯጠች ተመለሰች። የባንኩ ሴትዮ ደግሞ ኮቷን አውልቃ ብሎኖቹን በመሐረቧ ይዛ እየቆጠረች ታቀብለኝ ጀመር። እንዲህ ያለ የባንክ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ዕድሜ ይስጣት። አባዬ ቺንጋውን ወጥሮ ማሽኑን አስነሣው፤ አንድ ጣውላ አሳለፈበት። ሴትየዋ የተላገውን እንጨት በመዳፏ ዳሰሰችና ፈገግ ብላ፣ በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የባንኩ ዕዳ የለባችሁም አለች።

እማዬ እልል ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የጣውላው ክምር ላይ ቁጭ ብላ፣ እንግዲያው ልጄ ትታከም አለች። ሴትየዋ አጠገቧ ተቀምጣ የትኛዋ ልጅሽ ናት ብላ ጠየቀቻት። እማዬም ስላንቺ ሁሉንም ነገረቻት፣ እርጥቡን አንሶላ፣ የሚያብጠውን ጉልበት፣ የተገፋውን ቀጠሮ። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ከሌሎቹ ተበዳሪዎች ብዙዎቹ በየመካከሉ ሲያቋርጡ ከዚህ ቤት ግን ትንሽም ብትሆን አንድ ወር እንኳ ቀርታ አታውቅም፣ ቢሮ ውስጥ እነዚህ ሰዎች እንዴት ይችሉታል እያልን እንገረም ነበር፣ ለካ እሷ ናት አለች። መነጽራሙም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ሰጋቱራው ነው ይላል እንጂ እኔ አላመንኩትም።

እትዬ፣ አባዬን አደነቅሁት፣ ያቺን ሴትዮም አደነቅኋት፤ አንቺን ግን የማደንቅበት ቃል አጣሁ። እኛ ማሽን ደበቅን፣ አንቺ ጉልበትሽን ደበቅሽ፤ የአንድ ቤት ልጆች መሆናችን በምን ይጠፋል! የእኛው ወጥቷል፣ ያንቺንም አውጪውና ለሐኪሙ ስጪው። ነገ ዛሬ ሳትዪ ቀጠሮሽን ያዢ፣ ቀኑንም ጻፊልን። እማዬ የመጪውን ወር ገንዘብ ከላክሽ አልቀበልም፣ በመጣበት ይመለሳል ብላ ምላለች፤ መሐላዋን ደግሞ ታውቂዋለሽ።

አባዬ ጉንጭሽን ይስማል፤ ስለ እሱ የጻፍኩትን ሳነብለት ግን አጋነንክ ብሎ ተቆጥቶኛል። እማዬ ዓይንሽን ትስማለች፣ ስትታከሚ አጠገብሽ አለመሆኗ አንጀቷን ይበላታል። ልብስ ሰፊዋና ጫማ ሠሪው እግዜር ይማርሽ ብለውሻል። ሬዲዮ ሁሉንም ያዳንኩት እኔ ነኝ እያለ ለደንበኛ ሁሉ እያወራ ነው፤ እሱም ሰላም ብሎሻል። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ ስላመለጣት ወሬ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን አድርሺልን፤ ከሕክምናው በኋላም አደራ እንድታስታምምሽ።

የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ ሁላችንም ሱቁ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ከአንቺ ምንም ሳይመጣ የሚውልበትን ያንን ቀን ቁጭ ብለን ልናየው።

የሚወድሽና የሚናፍቅሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከእንጨት ሥራ ሱቃችን
ዓርብ፣ ኅዳር 18 ቀን