ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት ቁልፍ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ጠዋት ጠዋት የሚይዝዎት ነገር ተሻለዎት ወይ? የእማዬስ ደም ግፊት? ጨው ቀንሺ የተባለችውን ሰምታ ይሆን ወይስ እርስዎ ዞር ሲሉ ትነሰንሳለች? መነጽርዎ ተሠራ ወይስ አሁንም በክር እንደታሰረ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ሆዴ ግን ደህና አይደለም። ስልክ መደወል ይቀለኝ ነበር፤ ድምፅዎን ከሰማሁ ግን ስለ ዝናብና ስለ ኑሮ አውርቼ እንደምዘጋው ስለማውቅ ወረቀት ያዝኩ።

ባለፈው ደውዬ፣ ጭምቱ ወንድሜ የዳቦ ቤቱን ዳቦ ለሱቆች የማደርስባትን መኪናዬን አበላሸብኝ ብዬ ነግሬዎት ነበር። እርስዎም አቅርበው ብለውኝ ስልኩን ሰጠሁት፤ ክፉኛ ተቆጡት። እሱ ግድግዳውን እያየ "እሺ አባባ፣ እሺ አባባ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። አባባ፣ ያበላሸው እሱ አይደለም። መኪናዋም ጭራሽ አልተበላሸችም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ቤት አብሮት የሚጋግር ሰው ክንዱን ምድጃ አቃጠለውና ወንድሜ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው መኪናዋን ለመነኝ። ሰጠሁት፤ ግን እስኪመለስ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። ያለኝ ቁልፍ ያ አንድ ብቻ ነበራ። አመሻሽ ላይ መጣ፤ መኪናዋን አጥቦ፣ መቀመጫውን ጠርጎ ነው የመለሰልኝ። እኔ ግን አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ቁልፉን ተቀብዬው ወደ ቁልፍ ቀራጩ ሮጥኩ። ኮፒ አስቀረጽኩና እርስዎ እንደሚያደርጉት አደረግሁ። የቤታችንን ኦርጅናል ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ኮፒውን ይዘው ይዞሩ የለ? እኔም ኦርጅናሉን ቁልፍ በመሐረብ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ኮፒውን በኪሴ ያዝኩ። ኮፒው የመኪናዋን በር ሲከፍት አየሁና በቃኝ። የአባቴ ልጅ ነኝ ብዬ ኮርቼም ነበር።

በነጋታው ዳቦው ተጭኖ፣ ሱቆቹ እየጠበቁ፣ መኪናዋ አልነሳ አለች። ለአፍታ ድምፅ ታሰማና ድርግም። ባትሪው ነው ብዬ መብራቱን አበራሁ፤ እንደ ፀሐይ ያበራል። ነዳጅ አላት። ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈትቼ ጠረግሁ። የዳቦ ቤቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ እስከ መንገዱ መጨረሻ ገፋልኝ፤ ወይ ፍንክች። መሪው አጠገብ ቀይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እኔ በሩ በደንብ አልተዘጋም የሚለኝ መስሎኝ በሩን ደጋግሜ ከፍቼ ዘጋሁት።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከነዱቄቱ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ "ትናንት አንተ ነክተሃታል፣ ዛሬ ሞተች፤ እጅህ ያረፈበት ነገር መቼ በጎ ሆኖ ያውቃል" አልኩት። ይህን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። እሱ ምን አለኝ መሰለዎት? "ጉድጓድ ላይ አንገጫግጫት ይሆናል፤ ልብ አላልኩም።" በእረፍት ቀኑ ከሥሯ ተኝቶ ሲፈልግ ዋለ፣ ያልሠራውን ጥፋት። ማታ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሼ "ግዴለም፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ፣ ጠዋት ዳቦውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ለሱቆቹ የሚያደርሰው እሱ ሆነ።

በመጨረሻ ጋራዥ ልወስዳት ደወልኩ። የጋራዡ ሰው ያሉህን ቁልፎች ሁሉ ይዘህ ና አለኝ። ኦርጅናሉን ከሳጥን አወጣሁና እስቲ ብዬ አዞርኩት። ተነሳች። አጠፋሁና በኮፒው ሞከርኩ፤ እምቢ። በኦርጅናሉ፤ እሺ። ቀዩ ምልክትም ጠፋ። መልሼ ስደውል ሰውየው ሳቀብኝ፤ በኦርጅናሉ ቁልፍ ራስ ውስጥ ቺፕ የምትባል ፍሬ አለች፣ መኪናዋ እሷን ካላየች አትነሳም አለ። ለካ ሌባ መስዬያት ነው።

አባባ፣ ያኔ ማንም አላየኝም ነበር። ወንድሜ ከጋሪው ሲመለስ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ቆመ። "ተሠራች?" አለኝ። "ተሠራች" አልኩ። "እሰይ፣ እንኳን ተሠራችልህ" ብሎ እጁን ሊታጠብ ገባ፤ እጁ ጋሪው ልጦት ነበር። ሳላውቅ መወንጀሌ ስህተት ነው፤ አውቄ መደበቄ ግን ስህተት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ልነግረው አፌን እከፍትና ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውንም ሳይዘሉ ያንብቡላት። ለእህቴ ከነልጆቿ፣ የኔ ነገር ሁልጊዜ ለሚያስቃት አክስቴም ሰላምታዬ ይድረስ፤ በዚህኛውስ እንኳ የምትስቅ አይመስለኝም።

ወንድሜ አሁን አጠገቤ ተኝቷል። ደብዳቤዎቼን ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ እሱ እንደሆነ ያውቃሉ። የዛሬውን አላሸግሁትም፤ ሲነሳ አንብበህ አሽገው ብዬ እሰጠዋለሁ። ነገ ደግሞ ዳቦው ሲጫን እሱን በሰደብኩበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት እውነቱን እናገራለሁ። አንብቦ ቢቀደው አልፈርድበትም። እጅዎ ከገባ ግን የላከው እሱ ነውና፣ ለእኔ መልስ ከመጻፍዎ በፊት ለእሱ ይደውሉለት።

ልጅዎ

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ከሁለታችን ክፍል
እሁድ፣ የካቲት 4 ቀን