አይዳ ያስጠናችኝ የእንስሳት ድምፅ

ጅግጅጋ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሶሲና፣

ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ፤ ልጅሽን አይዳን ከክፉ ዓይን ይሰውራት። እኔ በሕይወት አለሁ። ድምፄ የጠፋብሽ ስልኩ ስለተቋረጠ ነው።

ረብሻው የተነሳ ዕለት ጎረቤታችን ፋርቱን እጄን ይዛ ወሰደችኝና ፍየሎቿ ከሚያድሩበት ክፍል አስገብታ ቆለፈችብኝ። «ወለተሐና፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በር ሲሰበር እየሰማሁ ተቀመጥኩ። አንዴ አስነጠሰኝ። ደጁ ላይ የቆሙት ሰዎች «ማነው?» ቢሏት «ፍየል ናት» አለቻቸው።

ጸሎቴ ከፍርሃት የተነሳ መሃል ላይ ይጠፋብኝ ነበር። ያኔ አይዳ ከእሷ ጋር እንድግባባ ብላ በስልክ ያስጠናችኝን ስፓኒሽ በልቤ ደጋገምኩ። ውሻ ሲጮህ ላድራ፣ አህያ ስታናፋ ሬቡዝና፣ ፍየል ስትጮህ ባላ። የድመቷ ጠፍቶኝ እሱን ስፈልግ ግማሽ ቀን አለፈልኝ።

ነገሩ ሲረግብ ፋርቱን ከፈተችልኝ። «ምግብ ሳስገባልሽ ከንፈርሽን ምን ታንቀሳቅሺ ነበር?» አለችኝና ነገርኳት። ጥቂት አሰብ አድርጋ «የግመልስ?» አለች። አይዳ እሱን አላስተማረችኝም።

ቤታችን በር የለውም። አሁንም እሷ ጋ ነኝ፤ ከግቢው መውጣት አልደፈርኩም። ይህን ደብዳቤ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሹፌር ፋርቱን ትሰጥልኛለች።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አደራ፣ የግመሉን ከአይዳ ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ ፋርቱን በየማለዳው ትጠይቀኛለች።

እናትሽ ወለተሐና