መብረቅ ወይስ ራስ ምታት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም ካሜራው ጉድ ሠራኝ፣ ማስታወሻዬ። መካነ ሰላም፣ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ዛፍ ሥር። ለነፍሰ ጡሮች የሠራነውን የስልክ መተግበሪያ ሴቶቹ ሲሞክሩት እንቀርጻለን ብለን ነበር። ዳዊት ካሜራውን ገና ሳይተክል የመጀመሪያዋ ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሁለተኛዋ ልጄ አለቀሰ ብላ ሄደች። ልጁ ግን ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

ይቅር አልኩ። ዳዊት አኮረፈ። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው፤ ጣታቸው የት የት እንደሚሄድ ካላየ አያምንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መጠይቅ። ያስቸግራል? አያስቸግርም። ሥዕሎቹ ይገባሉ? አልሐምዱሊላህ፣ ይገባሉ። ሁሉም እንደዚያው። ዳዊት ፊቱ በራ። አዲስ አበባ ያለችው አለቃችን ሳምራዊትም በስልክ አመሰገነችን፤ በሳምንቱ መጨረሻ ለጤና ኬላዎቹ ይሰራጭ አለች። እኔ ሆዴ አላመነም። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ ኩታበር ነው ያደግኩት። እንግዳ የለፋበትን ፊት ለፊት ማን ይነቅፋል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ከሰዓት

ጠዋት ሌላ ዘዴ ሞከርን፦ ስልኩን እየነካካች ያሰበችውን ጮክ ብላ እንድትናገር። ዘይነባ ትባላለች፣ ሰባት ወሯ ነው። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች።

«ብቻዬን ልለፍልፍ? ሰው ምን ይለኛል?»

ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ተስፋ ቆርጬ ብድግ አልኩ። ይዛት የመጣችው የባሏ እህት ከድጃ በቦታዬ ቁጭ አለች። ወዲያው ሁለቱ ተያያዙት። ሳቅ፣ ጉንተላ። በመሃል አንዱ ሥዕል ላይ ደረሱ፤ የሴት ራስ፣ ከላዩ የመብረቅ ምልክት።

«ይቺስ?» አለች ዘይነባ።

«መብረቅ ናታ! ሲያስገመግም ከቤት አትውጪ ነው የሚልሽ።»

ሥዕሉ፣ ብርቱ ራስ ምታት ካለብሽ ፈጥነሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ነበር የሚለው። ተጠግቼ ነገርኳቸው። ከድጃ ደነገጠች።

«ዘይነባ! ከሰኞ ጀምሮ ራሴን ራሴን ስትዪ አልነበር?»

ዘይነባ አቀረቀረች። ዓይኔም ብዥ ይላል፣ ያልፋል ብዬ ነው አለች። ጠዋት እንዴት ነሽ ስላት «አልሐምዱሊላህ» ብላኝ ነበር። ክንዷን ይዘን ወደ አዋላጇ ክፍል። ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። አምቡላንስ። ሆስፒታል።

ያ ረብ።

አርብ፣ ጥቅምት 14፣ ጠዋት

ሆስፒታል ሄድኩ። ከድጃ በሩ ላይ ቆማለች፤ ገና ከሩቅ «አብሽሪ፣ አይዞሽ!» አለችኝ። የዘይነባ ግፊት ወርዷል። ፅንሱም ደህና ነው። ለጊዜው እዚያው ትቆያለች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እዚያው አግዳሚው ላይ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ከድጃ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ላጽናናሽ የመጣሁት እኮ እኔ ነኝ አልኳት። ተሳሳቅን።

ከሰዓት

ሳምራዊት ጋ ደወልኩ። መጠይቁ ጥሩ ነው ብሎ ነበር እኮ አለች። ጨዋዎች ስለሆኑ ነው አልኳት። የዘይነባን ነገር ነገርኳት። በቃ አይሰራጭ፣ እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ዘዴውን አንቺው ምረጪ አለች። እፎይ! ስንት ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ተነሣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ወሰንኩ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ የሚተዋወቁ፣ እርስ በርስ እያወሩ። እኔ ፈንጠር ብዬ በብዕር። ድምፅ የምቀዳው ከፈቀዱ ብቻ። መጠይቁ ለዕድሜና ለቀበሌ ይበቃል። ዳዊት አላጉረመረመም፤ ሥዕሉን እየቀየረ ነው፦ ሴትዮዋ ግንባሯን በሁለት እጇ ይዛ። ሰኞ ወግዲ ጤና ጣቢያ ነን። እዚያ ማንንም «ገባሽ ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። «ለጓደኛሽ አሳዪያት» ነው የምለው።