የቃሬዛው የፊት ቀኝ

ውድ ሷሊሕ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ባሕር ዳር ምክር ቤቱ እንዴት ይዞሃል? ስልኬን አላነሳ ስትለኝ በወረቀት መጣሁብህ። እኛ ቀወት ሙቀቱም የማሾ እርሻውም እንደምታውቀው ነው። እኔ ግን ብቻዬን ነኝ። ከምርጫው ወዲህ የእኔ ወገኖች የተናገርኩትን ሁሉ «ልክ ነህ» ይሉኛል፤ ያንተዎቹ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ የዛፉ ጥላ ስር ስቀመጥ «ሙሄ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ልትዋሽ ነው?» የሚለኝ ሰው የለም። ናፍቀኸኛል።

ያሸነፍከኝን ቀን አልረሳውም። የእኔ ፓርቲ የጤና መድን ለሁሉም ግዴታ ይሁን ሲል ያንተው በፈቃድ ይሁን አለ። ገበያ መሀል ሕዝቡ ፊት «ለቅሬያችንስ፣ ለቀብር እድራችን፣ ሳንሞት አይደል የምናዋጣው?» ብዬ መልስ ያሳጣሁህ መስሎኝ ነበር። አንተ ምን ገዶህ! «ሞት አይቀርም፤ በሽታ ግን ሊቀር ይችላል» አልክና ገበያተኛውን በሳቅ ገደልከው። የምክር ቤቱን ወንበር ያጣሁት ያኔ ነው። የመድን ካርድ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄደን መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ መባላችን እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ዛሬም ልክ እኔ ነኝ።

በሐምሌ እናትህ እማማ ዓሊያ ልባቸውን ታመው ወደቁ። ወንዙ ሞልቶ መኪና ስላልገባ ቅሬው ቃሬዛ አወጣ። የፊት ቀኙ የልጅ ትከሻ ቦታ መሆኑን ታውቃለህ። አንተ የለህም። ከፊት ያንተ መራጮች ያዙ፣ ከኋላ የእኔዎቹ። ያንተ ሰው ሲደክመው ለያንተ ሰው ብቻ ያቀብላል፤ የእኔም እንዲሁ። እኔ አፍሬ ከኋላ ከኋላ እሄዳለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ቃሬዛው ሊገለበጥ ምንም አልቀረው።

እናትህ ቃሬዛው ላይ ተኝተው ጮሁ፦ «ኧረ በአላህ! የድምፅ ሳጥን አደረጋችሁኝ እንዴ? ልጄ በሽታ ሊቀር ይችላል አለ፤ ይኸው አልቀረም! ሙሄ የት አለ? ና፣ የልጄን ቦታ ያዝ!»

የፊት ቀኙን የያዘው ያንተ ሰው ለቀቀልኝ። ያዝኩ፤ እስከ አስፋልቱም ለሌላ አላቀበልኩም። መንገድ ላይ ቀስ ብለው «ሷሊሕ ለምን አይመጣም?» አሉኝ።

«ስብሰባ በዝቶበት ነው፣ እማማ።»

«አንተን ላለማየት ነው አይደል?»

ቃሬዛውን ትከሻዬ ላይ አመቻችቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ተሽሏቸው ቤታቸው ናቸው። ሐኪሙ ግን ልባቸው ብዙ እንደማይቆይ ለእኔ ነግሮኛል፤ እሳቸው አላወቁም። ባጃጅ በሰሙ ቁጥር በር ላይ ይወጣሉ። እኔም እወጣለሁ፣ ምን ልዋሽህ።

ና ሷሊሕ። ከፈለግክ አንተ እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ ማዶ እንቀመጥ። ከፈለግክም እንደ ድሯችን እንጨቃጨቅ። እናትህን ሲታመሙ በአንተ ፈንታ ተሸክሜያቸዋለሁ፣ ደግሞ ቢታመሙም እሸከማለሁ። ለቀብራቸው የወጣን ቀን ግን ያንን ቦታ አልይዝልህም።

ዛሬም ከአንተ ጋር የማይስማማው ወንድምህ፣
ሙሄ